«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!»

በዚህ ቃል ስንት አያት ከልኩ በላይ በልቷል? ጣሊያናዊው ባለጸጋ አልቪዜ ኮርናሮም ደርሶበታል። በጎልማሳነቱ መብልና መጠጥ አብዝቶ ታመመ፤ ሐኪሞች ምግቡን እንዲመጥን መክረውት ዳነ። ከዚያ ወዲያ የቀን ድርሻው 12 ወቄት ምግብ ብቻ ሆነ፦ ዳቦ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ሥጋና ሾርባ፣ ተደምሮ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ። ወይን ጠጁ ደግሞ 14 ወቄት።

በ78 ዓመቱ ቤተሰቡ «አርጅተዋል፣ ይጨምሩ እንጂ» እያለ ወጥሮ ያዘው። እሺ ብሎ ከምግቡም ከወይኑም ሁለት ሁለት ወቄት ጨመረ። ብዙ ሳይቆይ ታመመ፤ ትኩሳቱ 35 ቀን አስተኛው። በ1558 እ.ኤ.አ. ፓዶቫ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ጥፋቱን ሁሉ በጭማሪው ላይ ጣለ። እኔ ነርሷ ግን ሁለት ወቄት ይህን ያህል ትኩሳት ያመጣል ብዬ አላምንም፤ የወይኑንም መጠን አልመክርም። የማምነው የገዛ ልኩን ማወቁን ነው።

አባታችሁ «በቃኝ» ሲሉ ሳህኑን አንሱላቸው። ቆየት ብላችሁ እንቁላል ወይም ሽሮ በትንሹ አቅርቡ፤ ማነሱም በእርጅና ጡንቻ ያሟሽሻል። ቀበቷቸው በአጭር ጊዜ ሁለት ቀዳዳ ከገባ ግን ጉርሻውን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።