ጎመኑ ይጠጣ ወይስ እኛ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አይደለም። ስለ ጎመን ነው! አትሳቁ፤ ጎመንም ሰው ያጣላል።

ከኮልፌ ቀራንዮ የጻፈችልኝ አንዲት ወጣት ናት። ግቢው ውስጥ ሦስት ተከራዮች አሉ፣ የውሃ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ልጅቱ ከክፍሏ ፊት ለፊት ባለች አራት ካሬ ቦታ ላይ ጎመንና ቆስጣ ተክላለች። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣበት ሌሊት ሌላው ጀሪካን ደርድሮ ተራ ሲጠብቅ እሷ ጎማ ሰክታ አትክልቷን ታጠጣለች። በመጨረሻ አከራይዋ፣ "ልጄ፣ እኛ የምንጠጣው አጥተን ያንቺ ጎመን ይዋኛል? ወይ ንቀይው ወይ ቤቴን ልቀቂ!" አሏት። እሷም "ምቀኝነት ነው እንጂ ምን ይባላል? ጎመኑ እኮ የወር አስቤዛዬን ያቀልልኛል፤ ምን ላድርግ?" ብላ ትጠይቀኛለች።

እህት ዓለም፣ እንዳትቀየሚኝ እንጂ ወይዘሮዋ ምቀኛ አይደሉም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በደንብ የተከፈተ ጎማ በደቂቃ 10 ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያፈሳል። ሩብ ሰዓት ካጠጣሽ 150 ሊትር ሄደ፤ ከ7 ጀሪካን በላይ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ እርከን አለው። ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ይጨምራል። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ደግሞ ላይኛው እርከን ላይ ቶሎ ይደረሳል። ስለዚህ አንቺ ጎማ በሰካሽ ቁጥር ከጎረቤቶችሽም ኪስ ገንዘብ ይወጣል።

ጎመኑ ግን ይነቀል አልልም። በበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ መደብ በቀን የሚፈልገው ውሃ ከ4 እስከ 5 ሊትር ቢሆን ነው። ላንቺ አራት ካሬ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል ማለት ነው። እሱም ቢሆን ከቧንቧ መቀዳት የለበትም። ቤት ውስጥ አንዴ ሠርቶ የሚደፋ ውሃ ሞልቷል! ምስር የታጠበበት፣ ድንች የታጠበበት፣ ልብስ በመጨረሻ የተለቀለቀበት፣ ሁሉም ለጎመን ይሆናል። በረኪና የነካውንና ቅባት ያለበትን የሰሃን እጣቢ ግን አርቂው። የልብስ ውሃ ቅጠሉ ላይ አይረጭም፤ ሥሩ ላይ ብቻ በቀስታ ይፈስሳል። ሰላጣን የመሰለ ጥሬ የሚበላ ነገር ደግሞ በንጹሕ ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው። እጣቢውን አታሳድሪው፣ ይሸታል።

ማጠጣት ያለብሽ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ ነው። በቀትር ያጠጣሽው ብዙው ተንኖ ይቀራል። መሬቱን በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል ጉዝጓዝ ሸፍኚው፤ እርጥበቱ ይቆይልሻል። ባዶ ሃይላንድ ታቹን በመርፌ በሳስተሽ፣ አፉን ወደ ላይ አድርገሽ ከሥሩ አጠገብ ቅበሪው። ውሃ ስትሞዪበት ቀስ እያለ ሥሩን ብቻ ያጠጣል። ወጪው ምንም!

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አሸንዳው ሥር በርሜል አስቀምጡ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 30 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 300 ሊትር ይሆናል። የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይሞላል። አቧራ ያለበትን የመጀመሪያውን ውሃ ልቀቂው፣ በርሜሉንም ለወባ ትንኝ እንዳይመች ክደኚው። በክረምት ጎመኑ ራሱ ከሰማይ ስለሚጠጣ የበርሜሉን ውሃ ለልብስ አድርጉት።

አደራ፣ ውሃ ጠፋ ብለሽ ከወንዝ እንዳትቀጂ! ትንሹ አቃቂና ገባሮቹ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ተሸክመው ነው የሚወርዱት። በአቃቂ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች በጥናት ተገኝተዋል። ስለታጠበና ስለተቀቀለ ከቅጠሉ አይወጣም።

አሁን ወደ ጠባችሁ እንመለስ። ዛሬውኑ ጎማውን ጠቅልለሽ ለወይዘሮዋ አስረክቢያቸውና "እማማ፣ ይቅርታ፤ ከእንግዲህ አትክልቱን በእጣቢ ነው የማጠጣው" በያቸው። ሦስቱም ተከራዮች ከሚደፉት ውሃ በየቀኑ ግማሽ ባልዲ ይስጡሽ። ጎመኑ ሲደርስ አንዳንድ እስር ለየቤቱ አድርሺ፣ የመጀመሪያው ግን የወይዘሮዋ ይሁን። ያኔ አትክልቱ የግቢው ይሆናል፤ የግቢውን ጎመን ደግሞ ማንም ንቀይው አይልሽም።

አባቶቻችን ጎመን በጤና ያሉት ወደው አይደለም። የተጣሉበት ጎመን ሲበሉት ያንቃል። ሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር ሰንብቱ!