ያጣጣለ ይገዛል

ሒስ የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ፊታችንን እናኮሳትራለን። ቃሉም ራሱ ለዚህ ሳያበቃን አልቀረም፤ በግእዝ «ሔሰ» ማለት ነቀፈ ማለት ነውና። ነገር ግን ነቀፋ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይህንንም ለማስረዳት ከቤተ መጻሕፍታችን ይልቅ መርካቶ ይቀለኛል።

ጣሊያን አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ወሰደበት ወደ አዲስ ከተማ ውረዱና ሸማ የሚሸጥበትን ስፍራ ተመልከቱ። መንገደኛው ነጠላውን አየት አድርጎ «ጥሩ ነው፤ ያምራል» ይልና ያልፋል። ልትገዛ የመጣችው እመት ግን እንዲህ አትልም። ዘርግታ ወደ ብርሃን ታነሣዋለች፤ እዚህ ላይ ማጉ ሳስቷል፣ የዚህኛው ጫፍ ጥለት ከዚያኛው ጠቧል፣ ክሩም ተቋጥሯል ትላለች። ነጋዴው ይቆጣል፣ ይምላል፤ ሆኖም ጣቷ ከክሩ ላይ ስለ ሆነ ሐሰት ነው ሊላት አይችልም። ደግሞስ የምትገዛው እርስዋ መሆንዋን በልቡ ያውቃል። አወዳሹ ካለፈ ቆይቷል!

በርግጥ ይህች ሴት ንጹሕ ዳኛ አይደለችም። የምታጣጥለው ዋጋ ለማስቀነስ ነው፤ ያንኑ ነጠላ ለጎረቤት ስታሳይ እንዴት አድርጋ እንደምታወድሰው ሁላችን እናውቃለን። ቢሆንም ነቀፋዋ ከዕቃው አይወጣም፤ ሸማኔው የማን ዘር ነው፣ ማታስ የት ያመሻል አትልም።

የቅኔ መምህርም እንዲሁ ነው። ተማሪው ሲቆጥር ውሎ ያመጣውን ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ የሆነውን፣ አስነግሮ ይሰማና የተጣመመውን ቃል ያቃናለታል። ብርቱ ተቆጪ ሊሆን ይችላል፤ ግን ቅኔውን ሰምቶ ነው የሚቆጣው።

የኛን የዘመናዮቹን ነገር ከዚህ ጋር ብናስተያየው ያሳፍራል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ሒስና ግለ ሒስ» የሚባል ልማድ በየውይይት ክበቡ ገብቶ ነበር፤ ስሙ ሒስ ይሁን እንጂ የሚመረመረው ከሥራው ይልቅ ሰውዬው ነበር። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ልብ ወለዱ የት ላይ እንደ በረታ፣ የት ላይ እንደ ሰነፈ በአደባባይ ለመነጋገር ማን ጊዜ ሰጠ?

እኛስ? ባለፈው የግጥም ምሽት አንድ ጓደኛችን አንብቦ ሲወርድ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በማግሥቱ ሻይ ቤት ውስጥ «ይኸ ደግሞ ግጥም ነውን?» ይባል ጀመር። የትኛው ስንኝ ነው የሰነፈው ብዬ ብጠይቅ አንዲት ቃል የሚያስታውስ አላገኘሁም። ልጁም ከዚያ ወዲህ ሲያነብ አልታየም። ጭብጨባውም ሹክሹክታውም የመንገደኛ ነበር፤ ነጠላውን የዘረጋው የለም።

ስለዚህ በሚመጣው ምሽት ግጥሞቹ ሁሉ ተባዝተው ከሦስት ቀን በፊት ይታደሉ እላለሁ። ተቺው ወረቀቱን ይዞ፣ ስንኙን አንብቦ ይናገር፤ ገጣሚውም እንደ ነጋዴው ይማል፣ ይቆጣ፤ መብቱ ነው። የማባዣ ወረቀት ውድ ነው የሚል ካለ እኔ ለመጀመሪያው ምሽት የሚበቃውን አዋጣለሁ።