ወንድ ልጃችን ስንት ዓመት ይማር?



ውድ አንባቢያን! ነገሬን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ቤታችሁ ያለው ወንድ ልጅ ስንት ዓመት ይማራል ብላችሁ ታስባላችሁ? «አላህ እስከፈቀደለት ድረስ» ትሉ ይሆናል። መልካም መልስ ነው። ነገር ግን በጥቅምት ወር ደብተሩን አስቀምጦ ቅርጫት እንዲያነሳ ያደረገው የአላህ ፈቃድ ነው ወይስ የእኛ ችኮላ? ለዚህኛውም መልስ ያስፈልገናል።

እስቲ ወደ ጌዴኦ እንሂድ። ኮቸሬ ወረዳ፣ ጨለለቅቱ። እዚያ ቡና መቅላት ሲጀምር የከተማው መልክ ይለወጣል። ለቀማው አለ፣ ሸክሙ አለ፣ ሚዛኑ አለ፣ እሸቱን ወደ መፈልፈያ ማድረስ አለ። ነጋዴ የሆነውም ወገናችን ሱቁ የሚደምቀው ገበሬው እጅ ገንዘብ በሚገባበት በዚሁ ወቅት ነው። ታዲያ ሁሉም እጅ ሲፈልግ ለሁሉም ቅርብ የሆነው እጅ የወንድ ልጅ እጅ ነው። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የሚዘጋው በጥር ነው። የቡናው ወቅት በመካከሉ ይተኛል። ልጁ ሁለት ወር ጠፍቶ ሲመለስ ጓደኞቹ ሄደዋል፣ ሒሳቡ አይገባውም፣ መምህሩ የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ይመስለዋል። በዓመቱ ይደግማል። በሁለተኛው ዓመት «ትምህርት አይሆነኝም» ይላል። እኛም «ልጁ ጭንቅላት የለውም» ብለን እንመሰክርበታለን። ለመሆኑ ጭንቅላት የጎደለው ማን ነው?

ነገሩ የጨለለቅቱ ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ስሌት መሠረት በአገራችን አንድ ልጅ መዋዕለ ሕፃናትን ጨምሮ ሊማር ከሚችለው 14 ዓመት ውስጥ፣ 18 ዓመት እስኪሞላው ይማራል ተብሎ የሚጠበቀው 7.8 ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት በትክክል የሚጨብጠው እውቀት ሲመዘን ግን ቁጥሩ ወደ 4.3 ዓመት ይወርዳል። ልብ በሉ! ከስምንት ዓመት ምልልስ ግማሽ ያህሉ ባዶ እጅ መመለስ ነው። ያ ባዶነት ከየት መጣ? ከመጽሐፍ እጥረት፣ ከተጨናነቀ ክፍል፣ ከመምህሩ ችግር። ይህ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ልንጠይቀውም ይገባል። ነገር ግን መምህሩ ክፍል ገብቶ ልጁ ከሌለ ዕዳው የማን ነው?

የጌዴኦ ልጅ ደግሞ ሌላም መከራ አይቷል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ተፈናቅሎ ትምህርት ቤቶች የሰው መጠለያ ሆነው ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2010 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ይህን ሁሉ አልፎ፣ ክፍል ሳይደግም ቢዘልቅ፣ በ2018 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ነው። ጦርነትና በሽታ ያላስቆሙትን ልጅ አንድ ቅርጫት ቡና ያስቁመው?

አንዳንድ አባቶች የሚሉትን አውቃለሁ። «ተምሮስ የት ሊደርስ? የ12ኛ ክፍል ፈተና አላያችሁም?» ይላሉ። አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። አሳዛኝ ነው፤ አንሸፍነውም። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ምንድን ነው? ጉድጓድ ውኃ ቢያጥረው ጠልቀን እንቆፍራለን እንጂ ልጆቻችንን ውኃ አያስፈልጋችሁም አንልም። ከወደቁት መካከል በየዓመቱ መንፈቀ ዓመቱን ሥራ ላይ ያሳለፈው ስንቱ እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን?

«ወንድ ልጅ የትም አይወድቅም» የሚሉም አሉ። ይህ አባባል ብዙ ልጅ ጥሏል። ስለ ሴት ልጆቻችን መማር ብዙ ተብሏል፤ ተገቢም ነው፣ በደላቸው ገና አልተካሰም። የወንዱ ግን በደል መሆኑ እንኳን አይታየንም፤ ምክንያቱም ገንዘብ ይዞ ይገባል። የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው ሆነ ነገሩ። ዱቄቱን እንቆጥራለን፤ ወፍጮው ልጁ መሆኑን እንረሳለን።

ወገኖቼ! ንግድን አልነቅፍም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ነጋዴ ነበሩ። ነገር ግን ሚዛን ማንበብ፣ ውል መፈተሽ፣ ሒሳብ መያዝ የማይችል ነጋዴ የሌላው መነገጃ ነው። በደጃችን የሚለቀመውን ቡና ተመልከቱ። የይርጋጨፌን ስም የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስከበር አገራችን ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ የደረሰችው በለቃሚ ጉልበት አልነበረም፤ ሕግ በተማሩ ሰዎች ነበር። ልጃችን ቡናውን ተሸክሞ ስሙን ሌላ እንዲሸጥለት ነው የምንፈልገው?

«ዲኑን ካወቀ ይበቃዋል» ለሚሉም መልስ አለ። አባቶቻችን አስኳላን የፈሩበት ዘመን ነበር፤ ልጃችን ሃይማኖቱን ይለቃል ብለው ነው፤ አንፈርድባቸውም። ዛሬ ግን ያ ምክንያት የስንፍና መሸፈኛ ሆኗል። ከሰማይ የወረደው የመጀመሪያው ትእዛዝ ማንበብ ነበር። ከበድር ምርኮኞች ቤዛ የሚከፍሉት ያልነበራቸው የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው ነፃ መውጣታቸው ተዘግቧል። አስተማሪዎቹ ሙሽሪኮች ነበሩ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጠላት እጅ እንኳ ፊደል አልናቁም፤ እኛ ከቀበሌያችን ትምህርት ቤት እንንቅ?

እንግዲህ ምን እናድርግ? አባት ሆይ፣ ልጅዎ በጠዋት ክፍል ይግባ፤ ከሰዓት በኋላና በዕረፍት ቀን ቢያግዝዎ ነውር የለበትም። ነጋዴ ወንድማችን፣ በትምህርት ሰዓት ደጅህ የቆመውን ልጅ «ለምን እዚህ ሆንክ?» ብለህ መልሰው፤ የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግም፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ኡስታዞቻችን፣ የቂርአቱ ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ አድርጉልን። የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ ከጁምዓ በኋላ የቀረውን ልጅ እንጠይቅ፤ ድሃ አባት ካለው ደብተሩንና የደንብ ልብሱን እንሸፍንለት። ችግር አስገድዶት ልጁን ያስቀረውን አባት መውቀስ ብቻውን አይበቃም፤ ሸክሙን ማንሳት የጀማዓው ድርሻ ነው።

ቡና በየዓመቱ ይቀላል። ልጅነት ግን አንዴ ካለፈ አይመለስም። ልጆቻችን አማና ናቸው፤ ስለ አማናም እንጠየቃለን። ያን ቀን «ስንት ዓመት አስተማርከው?» ስንባል «ስንት ኪሎ ለቀመልኝ» ብለን ልንመልስ ነው?

አላህ የምንሰማና የምንሠራ ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ።