ስለ ጭነት መኪና ጐማ ማስተለቅ

በአባያ ሐይቅ ምዕራብ ዳር፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን በላንቴና በጫኖ በኩል ያለው ቈላ የሙዝ አገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ከሐሬ ወንዝ በመስኖ የሚጠጣው ማሳ ዓመቱን ሙሉ ያፈራል፤ ፍሬውም በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ በአይሱዙ ጭነት መኪና 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። በዚህ ጉዞ እጅግ ክፉ የሆነው ረጅሙ አስፋልት አይደለም፤ ከማሳው እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው አጭሩ የጭቃ መንገድ ነው። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ከቦይ የሚተርፈው ውሃ መንገዱን ያለሰልሰዋል፤ መንኰራኩሩ በግራና በቀኝ ጥልቅ ፈር ይቈፍራል፤ በሁለቱ ፈር መካከል የሚቀረውም ጕብታ የመኪናውን ሆድ ይይዘዋል። ሙዝ ደግሞ እንደ በቈሎ ለነገ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም።

ስለዚህ ባለመኪናውም፣ መኪና ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበርም የሚያስቡት አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ባሌስትራውን ሳይነኩ ጐማውን ብቻ በሚተልቅ መለወጥ ነው። ይህን አሳብ ሞኝነት ነው ብሎ ማቃለል አይገባም። ባሌስትራ ቢጨመር ከፍ የሚለው ሻንሲውና ከላዩ ያለው አካል ነው እንጂ የኋላው ዲፈረንሻል ከነበረበት አይነሣም፤ ጕብታውን የሚመታው ግን ዲፈረንሻሉ ነው። እርሱን ከመሬት የሚያርቀው ጐማ ብቻ ስለሆነ፣ ጐማ የመረጠ ሰው የችግሩን ሥፍራ በትክክል አግኝቶታል። ያልተመዘነው ትርፉና ወጪው ነው።

ትርፉን በቍጥር መመልከት ይቻላል። በነዚህ መኪናዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጐማ 7.50 በ16 የሚባለው ሲሆን ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ከእርሱ የሚተልቀው 8.25 በ16 ደግሞ 85 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ይደርሳል። ልዩነቱ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ነገር ግን የመንኰራኩሩ ዘንግ በጐማው መካከል ስለሚያልፍ ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው የዚህን እኩሌታ፣ ማለት 2 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ብቻ ነው። ይህም የአንድ አውራ ጣት ስፋት ቢሆን ነው። በክረምት የጫኖን የማሳ መንገድ ያየ ሰው ፈሩ በአውራ ጣት የሚለካ እንዳልሆነ ያውቃል።

ወጪው ግን ብዙ ነው። መጀመሪያው የሥፍራ ጥበት ነው። ባዶ መኪና ላይ ትልቅ ጐማ ቢገባ ሁሉ የተስማማ ይመስላል፤ ጐሚስታውም ገንዘቡን ተቀብሎ ያሰናብታል። መኪናው ሙዝ በጫነ ጊዜ ባሌስትራው ይተኛል፤ በጐማውና በፓራፋንጎው መካከል የነበረውም ክፍት ቦታ ይጠፋል። አንዱ እግር ድንጋይ ላይ ሲወጣና መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ጐማው ብረት ይፈጋል፤ በጎኑ የሚፈጋ ጐማም መቼ እንደሚፈነዳ አይታወቅም። የጐማው ቦታ ጭቃ የሚያዝበት መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ሥፍራው ከጠበበ የደረቀ ጭቃ ራሱ እንደ ሞረድ ይሆናል።

ከኋላ በኩል በየጎኑ ሁለት ሁለት ሆነው የሚታሰሩት ጐማዎች ነገር ከዚህ ይብሳል። ትልቁ ጐማ ከፊተኛው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ፣ ቸርኬው ሳይለወጥ ቢታሰር በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጐማ ጭነት ሲጫነው ከታች በኩል ይነፋል፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነካካሉ፤ በቈላ ፀሐይ በጋለ አስፋልት ላይ እየተፋጉ ሲሄዱም ይግላሉ። ዋጋው ከብዶት ሁለቱን ብቻ በትልቅ ለውጦ ሌላውን እንደ ነበረ የሚተው ባለመኪናም አለ። ከተጣመሩት አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ ሸክሙን ሁሉ ትልቁ ይሸከማል፤ ትንሹም እኩል መዞር ተስኖት በመሬት ላይ ይጎተታል። በአንድ ዘንግ ላይ ልካቸው የተለያየ ጐማዎችን ማሰር በማናቸውም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም።

ስለ ፍጥነት መቍጠሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ 60 ሲል መኪናው ወደ 64 ይሄዳል፤ ሾፌሩ ካወቀው ነገሩ አለቀ። ዋናው ነገር ፍሬን ነው። ጐማው ከመቶ 6 እጅ በረዘመ መጠን ያው ፍሬን በመሬት ላይ የሚይዘው ኃይል ከመቶ 6 እጅ ያህል ያንሳል። ሞተሩም በቍልቍለት መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል እንዲሁ ይቀንሳል። በላንቴ ሜዳ ይህ አይታወቅ ይሆናል። ነገር ግን ያው መኪና ሙዙን ባራገፈ ማግስት ወደ ጨንቻ ወጥቶ፣ ሚሲዮናውያን ያስተከሉትን የፖም ፍሬና የደጋውን ድንች ጭኖ ይወርዳል። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ መውረዱም በዚያው ልክ ነው። በዚያ ቍልቍለት ላይ ከፍሬን ከመቶ 6 እጅ መስጠት፣ ሾፌሩንና ከጭነቱ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ሳይጠይቁ መስጠት ነው። ደግሞም በትልቁ ጐማ ጎን የተጻፈው የጭነት ልክ ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው መኪናው ጕልበት የጨመረ ይመስለዋል፤ ያ ልክ ለጐማው የተጻፈ ነው እንጂ ለዘንጉና ለፍሬኑ የተጻፈ አይደለም።

በሌላው ዓለም ለስላሳ መሬት የተሻገሩ ሰዎች መጀመሪያ የተመለከቱት የጐማውን ንፋስ ነው። እንግሊዛዊው ራልፍ ባግኖልድ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1930 ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ የሊቢያን አሸዋ በተራ የፎርድ መኪናዎች ሲሻገር፣ ንፋሱን በመቀነስ ጐማው መሬቱን በሰፊው እንዲረግጥ ያደርግ ነበር። በአባያ ዳርም ባዶ መኪና ወደ ማሳ ሲገባ ይህን ማድረግ ይቻላል። ጭኖ ሲወጣ ግን አይቻልም፤ ንፋሱ የጐደለ ጐማ በጭነት አስፋልት ላይ ቢወጣ ከውስጥ ይቃጠላልና። ጥርሱ የጠለቀ ጐማ በዚያው በ7.50 ልክ ቢገዛ ለጭቃው ከ8.25 ለስላሳ ጐማ የበለጠ ይጠቅማል፤ ከመኪናውም ምንም አያጐድልም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የተጫነው መኪና ጭቃ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ሙዙ ከማሳ በአህያ ጋሪ እየተጓጓዘ፣ አስፋልቱ አጠገብ ጠጠር በተነጠፈበት መሰብሰቢያ ስፍራ ቢጫን ጕብታው ማንንም አይዝም። መለዋወጫውን ጨምሮ ለአንድ መኪና ሰባት ጐማ ያስፈልገዋል፤ ለብዙ መኪናዎች ሰባት ሰባት ጐማ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ፣ ድንጋይ በቅርብ በሚገኝበት አገር፣ ቦዩ መንገዱን በሚያቋርጥባቸው ክፉ ስፍራዎች ቱቦ ሊያስቀብር ይችላል። ባለመኪናው ይህን ብቻውን ሊያደርገው አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ቦዩን ሳይጠርግ ቢቀር ባለመኪናው በጐማ ሊያካክሰው ቢሞክር አይፈረድበትም።

ይህ ሁሉ ተነግሮ ማኅበሩ ትልቁን ጐማ የግድ ከፈለገ፣ የወረዳው ሹም ለግዢው ከመፈረሙ በፊት አንድ ጐማ በልመናም ቢሆን አስመጥቶ ያስሞክር። መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይጫን፤ የፊት አንዱ እግር ድንጋይ ላይ ይውጣ፤ መሪው በግራም በቀኝም እስከ መጨረሻ ይዙር፤ በጐማውና በብረቱ መካከልም ጭቃ ለብሶ የሚያልፍበት ክፍተት መኖሩ በእጅ ይለካ። ለኋላው ጥንድ የሚስማማ ሰፊ ቸርኬ መገኘቱ ይረጋገጥ። ስድስቱም መለዋወጫውም በአንድ ቀን ይለወጡ። አሮጌዎቹም ጐማዎች፣ በቦሎ ምርመራ ጊዜ ትልቁ አይሆንም የተባለ እንደሆነ የሚመለሱበት መንገድ እንዳይጠፋ፣ ምርመራው እስኪያልፍ ድረስ ሳይሸጡ በመጋዘን ይቈዩ።