ማህበር የሌለው ፖሊስ ማህበር የሚጠይቀውን ሐኪም ሲያስር

ከኡራኤል ተነስቶ ወደ መስቀል አደባባይ ወርዶ ዘውዲቱ ሆስፒታል ለመድረስ ብዙ አያስኬድም። እዚህ ሰፈር ተራ የሚጠብቅ ኮንስታብል ልጁ ሌሊት ሲያተኩሰው አቅፎት የሚሮጠው ወደ መንግሥት ሆስፒታል ነው፤ የግል ክሊኒኩን ደመወዙ አይችለውም። የምትቀበለው ነርስም የወር መጨረሻ ላይ እንደሱው የቤት ኪራይ የሚያስጨንቃት ሰው ናት። በግንቦት 2017 ግን ሁለቱን ሙያዎች ያገናኛቸው እስር ሆነ።

የጤና ባለሙያዎቹ ድንገት አልተነሱም። ጥያቄያቸውን ዘርዝረው አቀረቡ፣ 30 ቀን ጠበቁ፣ ግንቦት 11 በከፊል ሥራ አቆሙ። ከዚያ ፖሊስ ራሱ በመግለጫው 47 የጤና ባለሙያዎችን መያዙን ነገረን። የደመወዝ ጥያቄ የፖሊስ ጉዳይ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኛው እንዲደራጅና ሥራ እስከማቆም እንዲሄድ መብት ይሰጣል፤ የትኛው ሠራተኛ እንደሆነ በሕግ ይወሰናል ብሎም ይተወዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛውንም ፖሊሱንም ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ አሳሪውም ታሳሪውም ከአንድ በር ውጭ የቆሙ ናቸው። ልዩነት ግን አለ። ኢትዮጵያ በ1955 ያጸደቀችው የመደራጀት ነፃነት ስምምነት፣ ቁጥር 87፣ የፖሊስንና የሠራዊትን ነገር ለየአገሩ ሕግ ይተወዋል፤ ነርስና ሐኪምን ግን እንዲህ ለይቶ አላወጣም።

ፖሊስ ማህበር ቢኖረው ኖሮ ለሠራተኛ ያዝን ነበር የሚል ወዳጅ አይጠፋም። የዋህነት ነው። የደቡብ አፍሪካ ፖሊሶች ማህበር አላቸው፤ ያውም ፖፕክሩ የሚባለው የኮሳቱ አባል ነው። ነሐሴ 10 ቀን 2004 ማሪካና ላይ ሥራ ካቆሙት የማዕድን ሠራተኞች 34ቱን በጥይት የጣለው ግን ያው ፖሊስ ነበር። የአባልነት መታወቂያ ኪስ ውስጥ መኖሩ ቃታ ላይ ያለውን ጣት አላቆመውም።

«ታዲያ ሕመምተኛው ይሙት?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የድንገተኛ ክፍልን በር የሚዘጋ ሰው ካለ ፖሊስ ያስከፍተው፣ አምቡላንስ ያሳልፍ፣ ልግባ ያለውን ሠራተኛ የሚደበድብ ካለም ይያዝ። ለዚህ ነው ደመወዝ የሚበላው። ነጭ ጋወን ለብሶ ፎቶ የተነሳን፣ ፌስቡክ ላይ ስለ ደመወዙ የጻፈን ሰው ከቤቱ መልቀም ግን ሌላ ሥራ ነው፤ የአሠሪ ጉዳይ አስፈጻሚነት ነው። ሥራ ማቆሙ ሕገ ወጥ ነው ቢባል እንኳ ያንን የሚለው ዳኛ እንጂ የፈረቃ አዛዥ አይደለም።

ፖሊስ ከሐኪም ጋር ሰልፍ ይውጣ ያለ የለም። ትእዛዝ ሲመጣለት «በምን ወንጀል? የፍርድ ቤት ማዘዣው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ግን ዓመፅ አይባልም። በር ሲያንኳኳ ስሙንና ጣቢያውን ይናገር። የያዘውን ሰው መዝገብ ላይ ያስፍር፤ አንቀጽ 19 እንደሚለው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቅርበው። እናት ምሳ ይዛ ጣቢያ ስትመጣም «እዚህ የለም» ብሎ አይመልሳት።