ከእጥበቱ በፊት የሚነበብ ውጤት

በ1969 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ መዲና በኤዲንብራ፥ በሮያል ኢንፈርመሪ ሆስፒታል፥ ኩላሊታቸው ሥራውን ያቆመባቸው ሕሙማን ደማቸው በመኪና እየታጠበ ዕድሜያቸው ይቀጠልበት በነበረው ክፍል፥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ብግነት ገብቶ እስከ ተከታዩ ዓመት ሲመላለስ 40 ሰዎች ያዘ፤ ከእነርሱም 11 ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ፈውስ ፈልገው የመጡት ሕሙማን ብቻ ሳይሆኑ፥ እነርሱን ሊረዱ የቆሙት የሆስፒታሉ ሠራተኞችም ነበሩ። ነገሩ የእንግሊዝን መንግሥት እጅግ ስላሳሰበው በሎርድ ሮዘንሃይም ሊቀ መንበርነት የሊቃውንት ጉባኤ ተቋቁሞ፥ በ1972 ባወጣው ዘገባ፥ እጥበት የሚደረግለት ሁሉ ደሙ በየጊዜው እንዲመረመር፥ በሽታው የተገኘበትም ከሌሎቹ ተለይቶ እንዲታከም መከረ።

ከዚያ ወዲህ የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ እጥበት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የታወቀ ሆኗል፤ ነገር ግን የታወቀ ሥርዓት ሁሉ እንደሚገባው ይፈጸማል ማለት አይደለም። እኔ የማምነውና በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምሻው፥ ይህ ምርመራ አንድ ጊዜ ተደርጎ በሕመምተኛው ካርድ ውስጥ ታጥፎ የሚቀመጥ ወረቀት ከሆነ ከንቱ መሆኑን፥ ኃይሉም የሚገኘው ሕመምተኛው ከመኪናው አጠገብ ከመቀመጡ አስቀድሞ ሲነበብ፥ ሳይታክቱ ሲደግሙት፥ ውጤቱም የእያንዳንዱን ሰው ስፍራ፥ መኪናና ነርስ ሲወስን መሆኑን ነው።

ስለ ምን ቢባል፥ እጥበት ደምን ከሰውነት አውጥቶ የሚመልስ ሕክምና ነው። በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ለእጥበት ከተዘጋጀው የደም ሥር መግቢያ ከፊስቱላው በቱቦ ወጥቶ፥ በማጣሪያው አልፎ ሲመለስ፥ በአንድ የ4 ሰዓት እጥበት ከ70 ሊትር በላይ ይመላለሳል፤ ይህም በሳምንት 3 ጊዜ፥ ዓመቱን ሙሉ፥ በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ይፈጸማል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደግሞ በአንዳንዱ ተሸካሚ ደም ውስጥ፥ በአንዲት ሚሊ ሊትር፥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር፥ ከሰውነት ውጭም በደረቀ ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ኃይሉን ሳያጣ የሚቆይ ነው። መርማሪዎች በእጥበት ክፍሎች ውስጥ የዚህን ቫይረስ ምልክት ፈልገው በመቆንጠጫው፥ በመቀሱ፥ በመኪናው መቆጣጠሪያ ቁልፎችና በበሩ እጀታ ላይ እንኳ አግኝተውታል። ነርሷ የአንዱን ሕመምተኛ መኪና ቁልፍ ነክታ በዚያው ጓንት የሚቀጥለውን ሰው ፊስቱላ ከዳሰሰች፥ ሁለቱ ሕሙማን አንድ ቃል ሳይነጋገሩ በደም ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ከዚህም የሚከፋው የበሽታው ዝምታ ነው። ጤነኛ የነበረ ጎልማሳ በዚህ ቫይረስ ሲያዝ አንዳንድ ጊዜ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፥ ሽንቱ ይጠቁራል፥ እህል ያስጠላዋል፤ አገራችን ከጥንት ጀምሮ የወፍ በሽታ የምትለው ምልክት ይታይበታል። ይህ ምልክት የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ቫይረሱን ለማጥፋት ሲታገል ጉበቱንም አብሮ ስለሚጎዳ ነው። የኩላሊት ሕመምተኛ ግን መከላከያው ስለ ደከመ ትግሉም ደካማ ይሆናል፤ ሰውዬው ምንም ሳይሰማው፥ የጉበቱም ኢንዛይም እምብዛም ሳይጨምር፥ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ይሰነብትና ብዙ ጊዜ ለብዙ ዓመት ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። ሐኪም ዓይኑን ገልጦ ቢያይ፥ ሆዱን ቢዳስስ፥ ሕመምህ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም፤ ያንን ኅቡእ ነገር የሚገልጠው ቤተ ሙከራው ብቻ ነው።

ለዚህ ምርመራ መንገዱን የከፈተው አሜሪካዊው ሊቅ ባሩክ ብለምበርግ ነው። ብዙ ጊዜ ደም ከተሰጠው የኒው ዮርክ ሕመምተኛ የተወሰደው ሴረም ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ሴረም ጋር ሲገናኝ ያሳየውን ምልክት ተከታትሎ፥ በ1965 «የአውስትራሊያ አንቲጅን» ብሎ አሳተመው፤ ይህም የቫይረሱ የላይኛው ልባስ መሆኑ ከታወቀ በኋላ በ1976 ለኖቤል ሽልማት በቃ።

ዛሬ አንድ ሕመምተኛ እጥበት ከመጀመሩ በፊት ሦስት ምርመራዎች ሊደረጉለት ይገባል፤ ሦስቱም አብረው ካልተነበቡ ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ያንኑ የላይኛውን አንቲጅን የሚፈልግ ሲሆን፥ ከተገኘ ሰውዬው አሁን በቫይረሱ ተይዟል ማለት ነው። ሁለተኛው ይህን አንቲጅን የሚቋቋመውን ፀረ እንግዳ አካል ይለካል፤ መጠኑ በሚሊ ሊትር ከ10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት ካላነሰ ሰውዬው የተጠበቀ ነው ይባላል። ሦስተኛው ለቫይረሱ እምብርት የተሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ያያል፤ ይህን ክትባት ሊፈጥረው ስለማይችል፥ ከተገኘ ቫይረሱ ራሱ አንድ ጊዜ በዚያ ሰውነት ውስጥ እንዳለፈ ይመሰክራል። የዚህ የሦስተኛው ጥቅም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአዲስ የተያዘ ሰው ደም ውስጥ አንቲጅኑ ጠፍቶ ተከላካዩ ፀረ እንግዳ አካል ገና ሳይታይ የሚያልፉ ሳምንታት አሉና፥ በእነዚያ ሳምንታት ሁለቱን ብቻ ያየ ቤተ ሙከራ «ነፃ ነው» ብሎ ሲጽፍ፥ እውነቱን የሚናገረው ሦስተኛው ብቻ ነው።

የናሙናው አወሳሰድም ቀላል ነገር አይደለም። በእጥበት ጊዜ ደሙ በቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፤ ናሙናው ከሄፓሪኑ በኋላ ከተቀዳ ደሙ በቱቦው ውስጥ ፈጽሞ ሳይረጋ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከርና፥ በሴረሙ ውስጥ የሚቀረው የፋይብሪን ክር መሣሪያውን አሳስቶ በሽታ የሌለበትን ሰው «አለበት» ሊያሰኝ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ ደሙን እጥበቱ ሳይጀመር ይቀዳል፥ እስኪረጋ ይታገሣል፥ አለበት የሚል ውጤት ቢያይም ደግሞና በሌላ መንገድ አረጋግጦ እንጂ አያውጅም። ክትባት በወሰዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተቀዳ ደምም የክትባቱን አንቲጅን እንደ በሽታ ሊያሳይ ስለሚችል፥ ይህ እስከ 18 ቀን ሊቆይ እንደሚችል አውቆ መጠበቅ ይገባል።

የምርመራው ኃይል በክርክር ሳይሆን በሥራ የተረጋገጠው በአሜሪካ ነው። በ1974 በአገሪቱ እጥበት ከሚደረግላቸው ሕሙማን ከመቶ 6.2 ያህሉ በዓመቱ ውስጥ በሄፓታይተስ ቢ አዲስ ይያዙ ነበር። የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ሲዲሲ በ1977 ደምን በየጊዜው መመርመርን፥ የተያዘውን በተለየ ክፍልና በተለየ መኪና ማከምን ከመከረ በኋላ፥ ቍጥሩ በ1980 ወደ ከመቶ 1 ወረደ። ክትባቱ የተፈቀደው ግን በ1981 መጨረሻ ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ሰው ያዳነው ክትባት ሳይመጣ በፊት የነበረው ነገር፥ ማለትም ምርመራውና ምርመራው ያስከተለው መለየት መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም። ተቃራኒውም በ1994 ታየ፤ በካሊፎርኒያ፥ በነብራስካና በቴክሳስ የእጥበት ማዕከላት ወረርሽኝ ተነሥቶ ሲመረመር፥ ከምክንያቶቹ መካከል ሕሙማኑን በየጊዜው አለመመርመር፥ ተመርምሮም ውጤቱን አለማየት፥ አንድ ነርስ የተያዘውንና ያልተያዘውን በአንድ ጊዜ ማስታመሟ፥ የአንዱ ብልቃጥ መድኃኒትም ለብዙ ሰው መቀዳቱ ተገኙ። ደሙ ተቀድቶ፥ ውጤቱ ወጥቶ፥ የሚያነበው ሰው መታጣቱ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ይህ የዕውቀት ወይም የገንዘብ እጦት አይደለምና።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በኢትዮጵያ የተደረጉት ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከመቶ ሰው 7 ያህሉ የዚህ ቫይረስ ተሸካሚ ነው፤ ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፥ ዛሬ በእጥበት ወንበር ላይ ከሚቀመጠው ጎልማሳ አብዛኛው በልጅነቱ አልተከተበም። ዋጋው ስለሚከብዳቸው በሳምንት ሦስት መሆን የሚገባውን እጥበት በሁለት የሚወስኑ፥ ወገን ለምነው የሚታጠቡ ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ላለው ሰው በየወሩ የምርመራ ክፍያ መጨመር ቀላል ጭነት አይደለም። ነገር ግን ሦስቱ ምርመራዎች ከተነበቡ በኋላ ወጪው እንደሚቀንስ ማስተዋል ይገባል፤ በተፈጥሮ በሽታው አልፎት ተከላካይ ያተረፈ ሰው ተደጋጋሚ ምርመራ አያስፈልገውም፥ በክትባት የተጠበቀው ተከላካዩ በዓመት አንድ ጊዜ ቢለካ ይበቃዋል፥ በየወሩ መመርመር ያለበት ያልተጠበቀው ብቻ ነው። ይህም ሰው ለእጥበት ሕሙማን በተወሰነው እጥፍ መጠን ተከትቦ፥ ከመጨረሻው ክትባት ከአንድ እስከ ሁለት ወር በኋላ ተለክቶ በቂ ተከላካይ ከተገኘበት፥ እርሱም ከየወሩ ወጪ ያርፋል።

የተለየ ክፍል የለንም የሚለውም ምክንያት መልስ አለው። ክፍል ባይኖር ከአዳራሹ መተላለፊያ የራቀ አንድ ማዕዘን፥ አንድ መኪናና የራሱ ዕቃ ይለያል፤ በተያዘውና ባልተጠበቀው መካከልም ተከላካይ ያለው ሰው ይቀመጣል፤ አንዲት ነርስ የተያዘውንና የተጠበቀውን አብራ ብታስታምም አያስነቅፍም። እንዲህ ሲሆን የቤተ ሙከራው ወረቀት የአዳራሹን አቀማመጥ የሚያወጣ ሥርዓት ይሆናል።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ ለምጽ የተጠረጠረበትን ሰው 7 ቀን ለይቶ፥ በሰባተኛው ቀን እንደገና እንዲያየው፥ ካልለየለትም ዳግመኛ 7 ቀን እንዲያቆየው ታዟል፤ መመልከትና መድገም በእኛ ዘንድ የቆየ ጥበብ ነው። የተረጋገጠበትን ሰው ከሰፈር ውጭ ያደርግ የነበረውን ያንን ሕግ ግን ወደ እጥበት ክፍል ልናስገባው አይገባም። ሄፓታይተስ ቢ ተገኝቶብሃልና ሌላ ቦታ ፈልግ የተባለ የኩላሊት ሕመምተኛ፥ ቶሎ ሌላ ቦታ ካላገኘ፥ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እንዲሞት ተፈርዶበታል ማለት ነው። ምርመራው ሰውን ለመመለስ ምክንያት ከሆነ ሕሙማን ውጤታቸውን መሸሸግ ይጀምራሉ፤ የሸሸገውም ሰው ካልተጠበቀው ጎረቤቱ ጋር በአንድ መኪና ይታጠባል።

ስለዚህ የእጥበት ክፍል ለምትመሩ ሁሉ ልመናዬ ይህ ነው፦ አዲስ መኪኖች ስትገዙ ከመካከላቸው አንዱን ቫይረሱ ላለበት ሰው ለዩ፤ የወሩ ውጤት ሲደርስ የሚያነብና የሚፈርም አንድ ሰው በስም መድቡ። እናንተም በየሳምንቱ ወገናችሁን ደግፋችሁ ወደ እጥበት የምታመላልሱ አስታማሚዎች፥ ካርዱን ስታቀርቡ የዚህ ወር ውጤት ታይቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።