የኔትወርክ ትራፊክን ለመቅዳት፦ ስፓን ወይስ ታፕ?

የኔትወርክ ትራፊክን ለክትትልና ለትንተና ለመቅዳት ብዙዎች ስፓን የተባለውን የስዊች ግልባጭ ፖርት ይመርጣሉ፤ ተጨማሪ ዕቃ አያስገዛምና። ሆኖም ባለ 1 ጊጋቢት መስመር በሁለቱም አቅጣጫ ሲሞላ ድምሩ በሰከንድ 2 ጊጋቢት ይደርሳል፤ ባለ 1 ጊጋቢት ግልባጭ ፖርት ግን የሚያወጣው ግማሹን ብቻ ስለሆነ ቀሪው ፓኬት ይጣላል። ስዊቹ የተበላሹ ፍሬሞችንም አስቀድሞ ያስወግዳል። በአንጻሩ የፋይበር ታፕ ብርሃኑን ከፍሎ ሁለቱን አቅጣጫዎች በየራሳቸው መውጫ ያቀርባል፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም አይሻም። ሲተከል መስመሩን ለአፍታ ስለሚያቋርጥ ግን ችግር ከመድረሱ በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

ስለዚህ ጭነቱ ቀላል ለሆነ መስመር ስፓን ይበቃል፤ ለጥቃት ምርመራ በሚፈለግ ዋና መስመር ላይ ግን ታፕ ተመራጭ ነው። ከመዝገቡ የታጣ ፓኬት በመስመሩ አላለፈም ወይስ ሳይቀዳ ቀረ ለሚለው ጥያቄ መልስ ካልተገኘ፣ የመዝገቡ የማስረጃነት ዋጋ ይቀንሳልና።